የቁራዎቹ ምሰሶ

ናዳንጁ ከመንደሩ የወጣው ማንንም ሳይሰናበት ነው። የሚሰናበተው ሰው አጥቶ አይደለም፤ አፉን ከከፈተ ከስድብ በቀር ሌላ እንደማይወጣው ስላወቀ ነው። መጥረቢያውን ወገቡ ላይ ሻጠ፤ ውስጡ ደረቅ ሣር የተጠቀጠቀውን የቆዳ ጫማውን ጥፍር አድርጎ አሰረ፤ የማሽላ ቂጣ የታጨቀበትን ከረጢት አነገተ። ከዚያ በግቢው የቆመውን አሮጌ ምሰሶ ቀና ብሎ አየና ምራቁን ጢቅ አደረገ።

«ተው! እሱ ላይ አይተፋም!» ብላ ጮኸች እናቱ ሁቱሪ።

«እነሱ እኛ ላይ ሲተፉ ማን ተው አላቸው?» አላትና ወጣ።

እውነቱን ነው። ይህን ታሪክ ባወራሁ ቁጥር የእኔም ቆሽት ይደብናል፤ ድምፄ ከፍ ቢል አትቀየሙኝ።

በእኛ አገር፣ በሁርሃ ወንዝ ዳር፣ ምሰሶ የሌለው ቤት ቤት አይባልም። ዘጠኝ ክንድ የጥድ ግንድ ነው፤ ጫፉ ላይ የቆርቆሮ ሳህን አለው። በመኸር ጥቁር አሳማ ታርዶ ለሰማይ ሲሰጥ አንጀቱ ይከተፍና ከእህል ጋር ሳህኑ ላይ ይደረጋል፤ ቁራዎች መጥተው ይበላሉ። በሉ ማለት ሰማይ ተቀበለ ማለት ነው። እስከ ሦስት ቀን ካልመጡ ግን... ይህን እንኳን ያየ፣ የሰማም ሰው በመንደራችን አልነበረም። በዚያ ዓመት በመበለቲቱ በሁቱሪ ግቢ ሆነ። ሦስት ቀን ሙሉ ሥጋውን ዝንብ ወረረው እንጂ አንድ ቁራ ዝር አላለም።

«ሰማይ ፊቱን አዙሮባታል» አለ የጎሳው አለቃ ሆንግኮ በተሰበሰበው ሰው ፊት፣ ያዘነ መስሎ። «እኔ ምን ላድርግ? ሕግ ሕግ ነው። ወንዙ በረዶ በሠራ ቀን ከጎሳው ትወጣለች።»

በእኛ ክረምት ከጎሳ መውጣት መሞት ነው፤ ለስላሳ ቃል ተፈልጎለት እንጂ። ሴትዮዋ አንድ ማምለጫ ብቻ ነበራት። ልጇ ከነጩ ተራራ ሥር፣ ከአባቶች ጫካ፣ በገዛ እጁ አዲስ ምሰሶ ይቆርጣል፤ ከቆረጠበት ደቂቃ ጀምሮ መሬት ሳያስነካ ተሸክሞ ያመጣል፤ ያኔ ቁራዎቹ እንደገና ይጠየቃሉ። መሄጃው ብቻ የአሥራ ሁለት ቀን መንገድ ነው። ሆንግኮ የሁቱሪን ቤት ለምን እንደጠመደው ደግሞ ጡት ያልጣለ ሕፃን ሳይቀር ያውቃል። ቤቱ ያለው ወንዙ በሚታጠፍበት፣ ዓሣው በሚከማችበት ቦታ ላይ ነው። ባሏ ከሞተ ወዲህ አለቃው ያንን መታጠፊያ እያየ ምራቁን ሲውጥ ነው የኖረው። ሁላችንም አወቅን፣ ሁላችንም ዝም አልን። እኔም ዝም ካሉት አንዱ ነኝ፤ እንግዲህ የምናደደው በራሴም ጭምር ነው።

ከናዳንጁ ጋር የሄደው የእናቱ ወንድም ኡናሃይ ብቻ ነበር። ዕድሜውን በነጩ ተራራ ጫካ የመድኃኒት ሥር ሲቆፍር የፈጀ፣ ሁለት የፊት ጥርሱን ያጣ፣ ወሬ የማያልቅበት ሽማግሌ ነው።

«ሦስት ቀን ሆነን እኮ» አለ ኡናሃይ ዳገቱን እየወጡ። «አንድ ቃል አልተነፈስክም። አያትህ ሰባ ዓመት በሞላቸው ዓመት ስለተወለድክ ነው ናዳንጁ፣ ሰባ፣ ብለው የጠሩህ። እኔን ግን የሰባ ዓመት ንዴታቸውን ያወረሱህ ነው የሚመስለኝ።»

«አጎቴ፣ ዝም ብለህ ሂድ።»

«እየሄድኩ ነው። በአፌ አይደለም የምራመደው።»

በአምስተኛው ቀን ሰማዩ ጠቆረ። መጀመሪያ ዝናብ፣ ቀጥሎ በረዶ፣ ከዚያ ነፋስ መጣ። ትላልቆቹ ዛፎች ከነሥራቸው ተነቀሉ፤ አንዱ ሲወድቅ ሌላውን ይዞ ይወድቃል። ሁለቱ ሰዎች እየዳሁ አንድ ቋጥኝ ሥር ገቡና ሁለት ቀን ተጣብቀው ተቀመጡ። ሲወጡ መንገዱ የለም፤ ወንዙም መሻገሪያውን ግንድ ጠራርጎ ወስዶታል። ናዳንጁ ገመዱን ወገቡ ላይ አሰረና ዘሎ ገባ። ውሃው አገላበጠው፣ ከድንጋይ ጋር አላተመው፣ አፉን በአሸዋ ሞላው። ማዶ ሲወጣ ቅንድቡ ተሰንጥቆ ደሙ ይወርድ ነበር። ገመዱን ከዛፍ ጋር አሰረና ሽማግሌውን ጎትቶ አሻገረ።

ያን ዕለት እሳት ዳር ኡናሃይ ከቂጣው ቆርሶ፣ ራሱ ሳይቀምስ፣ ጉቶ ላይ አስቀመጠ።

«ለማን ነው?» አለ ናዳንጁ።

«ለማን ይሆናል? ለቁራ ነዋ።»

«እናቴን ከቤቷ ላስወጣት ወፍ ነው ቂጣችንን የምትሰጠው?»

«ስማ» አለ ኡናሃይ፣ ቀልዱን ትቶ። «ዓለም በበረዶ ስትጠፋ፣ አባቶቻችን በጨለማ ሲንከራተቱ፣ መንገድ የመራቸው ቁራ ነው። ያኔ ላባው ነጭ ነበር ይላሉ። የሚበላው አጥቶ ጥቁሩን መርዛም ሣር በላ፤ ጠቁሮ ሞተ። ነፍሱ ግን ይኸው እስከ ዛሬ ከጫካው በላይ ትዞራለች፤ አደጋ ስታይ ትጮሃለች። እኔን አራት ጊዜ አድኖኛል። አንዱን ቂጣ ልከልክለው?»

«ታዲያ እናቴን ምን አድርጋው ጠላት?»

ኡናሃይ እሳቱን ቆሰቆሰ። ናዳንጁ ፊቱን አዙሮ ተኛ።

በአሥራ አራተኛው ቀን የአባቶች ጫካ ደረሱ። ነጩ ተራራ ከበላያቸው ቆሟል፤ ጫፉ ጉም ለብሷል። ግማሽ ቀን ሲዞሩ ቆይተው ቀጥ ያለ፣ ያልተጣመመ፣ ወፍ ጎጆ ያልሠራበት ለግላጋ ጥድ አገኙ። ወገቡን በገመድ ከግራና ከቀኝ ዛፎች ጋር ወጥረው አሰሩት። ናዳንጁ መጥረቢያውን አነሳ። እያንዳንዱን ምት በሰው ስም ነበር የሚመታው። «ሆንግኮ!» አለና ቀጠቀጠ። «ዳንዱ!» አለ፤ የሆንግኮ ልጅ ነው፣ አብሮት ያደገ፣ ፍርዱ ሲሰጥ ከአባቱ ጀርባ ቆሞ የሳቀ። ከዚያ የመንደሩን ሰው በየስሙ ጠራ፤ እኔንም ጠርቶኛል ብሎ ኡናሃይ ነግሮኛል። ዛፉ ተንቋቋና ተቆረጠ፤ በገመዱ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ፤ መሬት አልነካም። ቅርንጫፉን መለመሉት፣ ዘጠኝ ክንድ ለክተው ቆረጡት፣ ናዳንጁ ከፊት ኡናሃይ ከኋላ ሆነው ተሸከሙት።

ሲያርፉ በዛፍ ባላዎች ላይ ያሳርፉታል፤ ሲበሉ ተራ በተራ ይይዙታል። ትከሻቸው ተልጦ ሸሚዛቸው ሥጋቸው ላይ ተጣበቀ።

መልስ ጉዞ በጀመሩ በሦስተኛው ቀን፣ ጥቅጥቅ ባለ የዝግባ ጫካ ውስጥ፣ አንድ ቁራ ከራሳቸው በላይ መጮህ ጀመረ። ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ እየዘለለ፣ መንገዳቸውን እየቀደመ፣ ደጋግሞ ጮኸ።

«ቁም» አለ ኡናሃይ። «አንድ ነገር አይቷል። ቁም አልኩህ!»

«እናቴ ቤት ሦስት ቀን ሲለመን የት ነበር? ዛሬ ነው አፉን የሚከፍተው?» የናዳንጁ ደም አናቱ ላይ ወጣ። ምሰሶው ትከሻው ላይ እንዳለ በርከክ ብሎ ድንጋይ አነሳና ወረወረ። ድንጋዩ የቁራውን ክንፍ ጨርፎት አለፈ፤ ወፉ እየተንገዳገደ በረረ።

ኡናሃይ ፊቱ አመድ መሰለ። «ምን አደረግክ? አንተ ልጅ፣ ምን አደረግክ?»

«ሂድ!»

ሃያ እርምጃ እንኳ አልሄዱም። ከቁጥቋጦው ውስጥ የተራራው ጌታ ወጣ፤ ጫካ ውስጥ ሆነን ስሙን አንጠራም፤ ባለ መስመሩ ነብር ነው። ድምፅ የለውም፤ ዘለለና ኡናሃይን ከትከሻው ይዞ ጣለው። የምሰሶው የኋላ ጫፍ ከሽማግሌው ትከሻ ተንሸራተተ።

«አልነካም!» ብሎ ጮኸ ኡናሃይ ከወደቀበት፣ አውሬው ከላዩ ሳይወርድ። «አልነካም! ደረቴ ላይ ነው!»

ናዳንጁ የፊቱን ጫፍ ባላ ላይ ወረወረና ዞረ። ያኔ የጮኸውን ጩኸት ኡናሃይ እስኪሞት ድረስ አልረሳውም። መጥረቢያውን በሁለት እጁ ይዞ እየሮጠ ሄዶ የአውሬውን ግንባር መታ፤ ብረቱ አጥንት ላይ ተንሸራቶ ጆሮውን ቀደደው። አውሬው አገሳ፣ ዞረ፣ በጥፍሩ የናዳንጁን ጭን ተረተረው። ናዳንጁ ወደ ኋላ አላለም፤ ተጠጋ። ስድቡን እያወረደ፣ ምራቁ እየረጨ፣ ደግሞ መታ፣ ደግሞ መታ። እኔ እንጃ፣ የተራራው ጌታም ከእብድ ጋር ምን አገናኘኝ ብሎ ይሆናል፤ ኩስ ኩስ እያለ ወደ ጫካው ገባ።

ኡናሃይ ተርፏል። ግራ ትከሻው ግን ተቦጫጭቋል፤ እጁ አይነሳም። ናዳንጁ ምሰሶውን ከደረቱ ላይ አንስቶ ባላ ላይ አስቀመጠ፤ ቁስሉን በጥድ ሙጫና በእንጨት ሽበት ጠቅጥቆ በመቀነቱ አሰረለት።

«ነግሮህ ነበር እኮ» አለ ኡናሃይ ጥርሱን ነክሶ።

«አውቃለሁ።»

«በድንጋይ መታኸው።»

«አውቃለሁ አልኩህ!» ብሎ ጮኸ ናዳንጁ። ከዚያ ተቀመጠና ፊቱን በደም በተበከለ እጁ ሸፈነ። እስከዚያ ቀን ድረስ በሰው ሁሉ ነበር የሚናደደው፤ ያን ቀን ንዴቱ ወደ ራሱ ዞረ። የእናቱን ወንድም ሊያስበላው ነበር፣ በአንድ ድንጋይ። ማታ ከሁሉ በፊት ቂጣ ቆርሶ ጉቶ ላይ አስቀመጠና «እንካ፣ ብላ» አለ ወደ ጨለማው። «ይቅርታ መጠየቅ አልችልበትም። ዝም ብለህ ብላ።»

ከዚያ በኋላ ናዳንጁ የተተረተረ ጭኑን አስሮ፣ እያነከሰ፣ ምሰሶውን ብቻውን ተሸከመ። ኡናሃይ ባንድ እጁ ቅርንጫፍ እየገነጠለ ከፊት ይመራል። ናዳንጁ ሲደክመው ቆሞ ያንቀላፋል፤ ትከሻውን እንኳ አይለውጥም። ሌሊቱ መቀዝቀዝ ጀምሯል። በየማለዳው በኩሬዎቹ ዳር ስስ በረዶ ባየ ቁጥር እናቱ ትታየዋለች፤ ሳያርፍ ይነሳል።

መንደር ሊደርሱ ሦስት ቀን ሲቀራቸው ትልቁ ረግረግ ዳር ደረሱ። ረግረጉን በየሣር ጉብታው ላይ እየዘለሉ ነው የሚያቋርጡት፤ መሐሉ ላይ ጥልቅ ቦይ አለ፣ ሰው የሚሻገረው በተጋደመ አሮጌ ግንድ ነው። ናዳንጁ ግንዱ ላይ እግሩን ሊያነሳ ሲል ቁራ ጮኸ። ያው ቁራ ይሁን ሌላ አይታወቅም። ናዳንጁ እግሩ በአየር ላይ እንዳለ ቆመ።

«ምን አየህ?» አለው ወፉን፣ እንደ ሰው።

ጎንበስ ብሎ ግንዱን አየ። ከሥሩ ትኩስ የእንጨት ብናኝ ውሃው ላይ ይንሳፈፋል። ግንዱ ከታች በመጋዝ ተቆርጧል፤ ጣት የምታህል ቅርፊት ብቻ ነው የያዘችው። ቢረግጠው ኖሮ እሱም ምሰሶውም ጭቃ ውስጥ ነበሩ።

«ውጣ!» ብሎ አንባረቀ። «ማን እንደሆንክ አላጣሁትም! ውጣ!»

ከቦይው ማዶ፣ ከረጅሙ ሣር ውስጥ፣ አንድ ሰው ተነስቶ ሮጠ። ዳንዱ ነው። ወደ ኋላው እያየ ሲዘል የረገጠው ጉብታ ተገለበጠና እስከ ወገቡ ጭቃው ውስጥ ገባ። በታገለ ቁጥር ጭቃው ወደ ታች ይስበዋል።

ናዳንጁ ምሰሶውን ለአጎቱ ደህና ትከሻ ሰጥቶ ቦይውን ዋኝቶ ተሻገረ። ገመዱን ወረወረለት፤ ሲጎትት ግን የቆመበት ጉብታ ራሱ አብሮ ሰመጠ። እንደገና ሞከረ፣ እንደገና ሰመጠ። ጭቃው ዳንዱ ደረት ደረሰ። ሰው ተኝቶ የሚጎትትበት ጠንካራ ነገር ያስፈልግ ነበር፤ በዚያ ረግረግ ላይ ደግሞ ሣር እንጂ ዛፍ የለም። አሮጌው ግንድ አንድ ሰው የሚያነሳው አይደለም፤ ሌላ ያለው አንድ እንጨት ብቻ ነው።

ዳንዱም ገባው። ጥርሱ እየተንገጫገጨ ሳቀ። «ምን ትጠብቃለህ? ምሰሶህን ካጋደምከው መሬት ነካ። ካላጋደምከው እኔ ሞትኩ። አባቴ በሁለቱም ያሸንፋል!»

«ዝም በል!» አለ ናዳንጁ። የሠላሳ ቀን ያህል መንገድ፣ የተላጠ ገላው፣ የአጎቱ የተቦጫጨቀ ትከሻ፣ በደጃፏ የምትጠብቅ እናቱ፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ ፊቱ ድቅን አለበት። «ዝም በል አንተ ከንቱ! ዝም በል፣ የአባትህ ውሻ! አፍህን ዝጋ!» እያለ ወደ ኋላ ተመለሰ፤ ከኡናሃይ ትከሻ ላይ ምሰሶውን መነጨቀ፤ ከውሃው በላይ ይዞ ተሻገረ፤ እየተሳደበም ከጉብታ ጉብታ አጋደመው። ጭቃው ምሰሶውን ዋጥ አደረገው። በሆዱ ተኝቶበት እየተሳበ ሄደና የዳንዱን ብብት ያዘ። «ያዝ! ያዝ እንጂ! ልደፋህ ነው ወይ የመጣሁት?»

ጎትቶ አወጣው። ደረቁ መሬት ላይ ሁለቱም ተዘረሩ። ኡናሃይም በደህና እጁ ገመዱን ይዞ፣ ውሃ እየጠጣ፣ እንደምንም ተሻግሮ ደረሰ።

«ለምን?» አለ ዳንዱ በመጨረሻ።

«አላውቅም። አታናግረኝ።»

ዳንዱ ተነስቶ ተቀመጠ። ከጭቃው ውስጥ ዓይኖቹ ብቻ ናቸው የሚታዩት፤ እያለቀሰ ነበር። «ቁራዎቹ እናትህን አልጠሏትም» አለ። «አባቴ ነው። ገና ሳይነጋ ከጎተራችን ጀርባ የአሳማ አንጀት ይበትንላቸው ነበር። ጠግበው ነው ያልመጡት። ዛሬም ይበትናል፤ አንተ ብትመለስ እንኳ እናንተ ዘንድ እንዳይመጡ።»

ናዳንጁ የጨበጠውን ጭቃ መሬት ላይ ወረወረ። ኡናሃይ ግን «ስንት አሳማ አረደ?» አለ።

«እኔ እስክወጣ ድረስ አምስት።»

ሽማግሌው ቁስሉን ይዞ መሳቅ ጀመረ። «ለዓሣ ብሎ አምስት አሳማ! ደደብ! ደግሞ አለቃ ነኝ ይላል!»

ናዳንጁ አልሳቀም። ሄዶ ምሰሶውን በእግሩ ገፋ። «ይኼ አበቃለት። እዚሁ ይበስብስ።»

«ሰው ያዳነ እንጨት አይጣልም» አለ ኡናሃይ። «አንሱት። ሁለታችሁም።»

ዳንዱ ቀድሞ የኋላውን ጫፍ ያዘ።

መንደር የደረሱት በማለዳ ነው። ወንዙ ከዳር ከዳር ነጭ ሆኗል፤ መሐሉ ብቻ ነው የሚፈሰው። የሁቱሪ ዕቃ ደጅ ላይ ተከምሯል፤ ማሰሮዋ፣ ብርድ ልብሷ፣ መረቧ። እሷ ራሷ የዓሣ ጦሯን ጭኗ ላይ አጋድማ ደፉ ላይ ተቀምጣለች። ሆንግኮና ሕዝቡ ከፊቷ ቆመዋል።

«ከዚህ የሚያነሳኝ እስቲ ይምጣ!» ትላለች። «ይምጣና አንጀቱን ልዘርግፈው!»

ናዳንጁን ስታይ ድምፅዋ ተቆረጠ። እሱ ምሰሶውን እንደተሸከመ በሕዝቡ መሐል አለፈ።

«መሬት ነክቷል» አለ፣ ማንም ሳይጠይቀው። «ያስነካሁት እኔ ነኝ።»

ሰዉ አጉረመረመ። የሆንግኮ ፊት በራ። «በገዛ አፉ! ሰምታችኋል፣ በገዛ አፉ!»

«የእኔንም ስሙ» አለ ዳንዱ ከኋላ፤ የጎተራውን ጀርባ፣ አንጀቱን፣ መጋዙን፣ ረግረጉን፣ ሁሉንም ዘከዘከው።

«ጫካው አሳብዶታል!» አለ ሆንግኮ። «ልጄን አስፈራርተው ነው! ማን ያምነዋል? የአይጥ ምስክሯ ድንቢጥ!»

ሁላችንም እርስ በርሳችን ተያየን። እኛ እንደሆንን ዝም ማለት ለምደናል። ያኔ ሁቱሪ ተነሳች።

«ልጅህን አትመን» አለችው። «እኔንም አትመነኝ። ቁራዎቹን ግን ታምናለህ፣ አይደል? እኔን ያስወጣኸኝ በእነሱ ነው።» ወደ ቤት ገብታ ሁለት ሳህን ይዛ ወጣች፤ ሁለቱም ላይ ያንኑ አንድ ዓይነት ክትፍ ሥጋ አድርጋለች። አንዱን ለናዳንጁ ሰጠች፣ ሌላውን ወደ ሆንግኮ ዘረጋች። «ያዝና ሜዳው ላይ ቁም። ካላበላሃቸው አያውቁህም። ውሻ በበላበት ይጮሃል።»

«እኔ የጎሳ አለቃ ነኝ! በሴት ቃል ሳህን ይዤ አልቆምም!»

«ይያዝ!» አለ አንድ ሰው። እኔ ነበርኩ ብዬ ብነግራችሁ ደስ ባለኝ፤ አልነበርኩም። ሁለተኛው ግን እኔ ነኝ። «ይያዝ! ይያዝ!»

ሆንግኮ ያዘ። ናዳንጁ ከእሱ ሠላሳ እርምጃ ርቆ ቆመ። ሌላው ሰው ሁሉ ወደ አጥሩ አፈገፈገ።

ብዙም አልቆየም። ከጫካው በላይ አንድ ጥቁር ነጥብ ታየ፣ ከዚያ አሥር፣ ከዚያ ሰማዩን የሞላ። በናዳንጁ ራስ ላይ ቁልቁል እንኳ ሳያዩት አለፉ። በቀጥታ ሆንግኮ ላይ ወረዱ፤ ክንዱ ላይ፣ ትከሻው ላይ፣ ቆቡ ላይ ሰፈሩ። አንዱ እጅጌውን እየጎተተ ተጨማሪ ጠየቀው።

ሆንግኮ መጀመሪያ ደነገጠ፤ ቀጥሎ ግን ፊቱ ፈገግ አለ። «አያችሁ?» ብሎ ጮኸ። «መረጡኝ! ሰማይ መረጠኝ!»

«ስልሳ ዓመት ኖሬ ሰው እጅ ላይ ቁራ ሲያርፍ አላየሁም» አለ ኡናሃይ። «ያላበላው እጅ ላይማ አያርፍም።»

ሳህኑ ባዶ ሆነ። ቁራዎቹ ተነሱ፤ ወደ ጫካ ግን አልሄዱም። በሆንግኮ ጎተራ ክዳን ላይ ጥግ እስከ ጥግ ተሰልፈው ቆሙ፤ ወደ ጀርባው እያዩ ይጮሃሉ። ሰዉ ሁሉ ወደዚያ ሮጠ። ከጎተራው ጀርባ የሰባት አሳማ መንጋጋ ከነጥርሱ ተከምሮ አገኘን። በረቱ ባዶውን ቀርቷል፤ አንዲት ግልገል እንኳ አልቀረችም።

ያኔ ነው የዓመታት ዝምታችን የፈነዳው። «ይውጣ!» አልን። «በራሱ ሕግ ይውጣ! ወንዙ በረዶ ሲሠራ ይውጣ!» ያን ጊዜ ጮሌ ሆንን፤ አንድ ወር ሙሉ የት ነበርን? ሆንግኮ ተንበረከከ። ፍርዱ የተበዳዩ ስለሆነ ሁሉም ወደ ናዳንጁ ዞረ።

ናዳንጁ ቡጢውን ጨብጦ ከሆንግኮ በላይ ቆመ። የአንገቱ ሥር ተገትሯል። ይውጣ ሊል አፉን ሲከፍት አየሁት፤ እኔ ብሆን እል ነበር። ዳንዱ ሜዳው ላይ እንደቆመ ነው፤ ምሰሶውን ትከሻው ላይ ይዞ መሬት እንዳይነካ በእግር ጣቱ ቆሟል። ማንም ያዝ ያለው የለም። ናዳንጁ ረጅም ጊዜ አየው።

«አይወጣም» አለ በመጨረሻ፣ በጥርሱ መሐል። «አለቅነቱ ግን ዛሬ አበቃ። በየማለዳው እየመጣ የእናቴን ሳህን በገዛ እጁ ይሞላል፤ ክረምትም በጋም፣ እስኪሞት። አሳማ ከሌለው ይግዛ! ከዚህ ሌላ አንድ ቃል አልናገርም፤ ከተናገርኩ እገለዋለሁ።»

«ምሰሶውስ?» አለ ከሕዝቡ አንዱ። «መሬት ነክቶ የለም እንዴ?»

«እኔ ግቢ የሚቆመው እሱ ነው» አለች ሁቱሪ። «ያልወደደ ዓይኑን ይጨፍን።»

አሮጌውን ነቅለው አዲሱን ከነጭቃው አቆሙት። የቤቱን የመጨረሻ አሳማ አረዱ። ሆንግኮ መሰላሉን ወጥቶ ሳህኑን ሞላና ወረደ። ቁራዎቹ ተከትለውት መጡ። የመጀመሪያው ምሰሶው ጫፍ ላይ አርፎ ሲበላ ሁቱሪ፣ ወር ሙሉ ያላለቀሰችው ሴትዮ፣ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ናዳንጁ አቅፎ ወደ ውስጥ አስገባት፤ ዕቃዋን አንድ በአንድ ወደ ቦታው መለሰ፤ በእኛ አገር እንደሚደረገው፣ ከጭቃው መደብ ሥር ባለው ምድጃ እሳት አነደደላት።

ወንዙ በረዶ የሠራው በዚያው ሌሊት ነው። እሷ የጋለው መደቧ ላይ ተኝታ ነበር።